ከአፈርና ከዘር የሚነሳ የድንች በሽታ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፉት ወራት ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች በርከት ያሉት ስለ ድንች የተጻፉ ናቸው። የጸሐፊዎቹ አካባቢ ቢለያይም የብዙዎቹ ስሞታ ተመሳሳይ ነው፤ ቅጠሉን የሚያቃጥለውን ምች በተሻሻሉ ዝርያዎችና በርጭት መከላከል ጀምረናል፣ ከመሬት በታች የሚጀምረውን በሽታ ግን ምን እናድርገው የሚል ነው። የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው በአዊ ዞን ባንጃ ወረዳ ሲሆን፣ ያለችኝ መሬት ግማሽ ሄክታር ብቻ ናት። ድንች ከሌላው ሰብል የተሻለ ገንዘብ ስለሚያስገኝልኝ ለዓመታት በላይ በላዩ ተክያለሁ። አሁን አሁን ግን ከተከልኩት ብዙው ዘግይቶ ይወጣል፤ ጨርሶ የማይወጣም አለ። የወጣውም ጫፉ ላይ ያለው ቅጠል ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ከአፈር በላይ በቅጠሉ ብብት ላይ አረንጓዴ ትናንሽ ድንች የሚያፈራም አይቻለሁ። ስቆፍረው ደግሞ ልጣጩ ላይ እንደ ጥቀርሻ ያለ ጥቁር ነገር ተለጥፎበታል፣ ባጥበውም አይለቅም። ዝርያው ጉደኔ ነው፤ በሽታ ይቋቋማል ተብሎ ነው የተሰጠኝ። ጥፋቱ የዘሩ ነው ወይስ የመሬቱ?»

መልስ፦ ጥፋቱ የሁለቱም ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ቢያስተካክሉ ሌላው በሽታውን መልሶ ያመጣብዎታል። የገለጿቸው ምልክቶች ሁሉ ወደ አንድ በሽታ ያመለክታሉ፤ እሱም ራይዞክቶኒያ ሶላኒ በሚባል ፈንገስ የሚመጣው ነው። ልጣጩ ላይ ያዩት ጥቁር ነገር የፈንገሱ ክሮች ተሰባስበውና ጠጥረው የሠሩት አካል ሲሆን፣ ፈንገሱ ድንች የሌለበትን ጊዜ ሳይሞት የሚያሳልፈው በዚህ አካሉ ነው። ድንቹን ውሃ ውስጥ ነክረው በአውራ ጣትዎ ሲያሹት አፈሩ ይለቃል፣ ጥቁሩ ግን ይቀራል፤ በጥፍርዎ ሲፍቁት ይነሳል፣ ከሥሩ ያለው ልጣጭም አብዛኛውን ጊዜ ደህና ሆኖ ይገኛል። ጉዳቱ የሚታየው ያ ድንች ተመልሶ ለዘር ሲተከል ነው።

በሚቀጥለው ወቅት ተክሉ ከወጣ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ከደከሙት ተክሎች አንዱን መርጠው ዙሪያውን ያለውን አፈር በእጅዎ ቀስ ብለው ይግለጡ። ጤነኛ ግንድ ከአፈር በታች ያለው ክፍሉ ነጭና ለስላሳ ነው። የታመመው ግን ቀይ ቡናማ፣ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ቁስል ይታይበታል። ቁስሉ ገና ያልወጣውን ጉንቁል ጫፉን ካገኘው ያከስመዋል፤ ድንቹም ከዚያው ሌላ ጉንቁል ያወጣል፣ እሱም ተመልሶ ይመታል። ድንችዎ ዘግይቶ የሚወጣውና ጨርሶ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ቁስሉ ያደገውን ግንድ ዙሪያውን ከከበበው ደግሞ ቅጠሉ የሠራው ምግብ ወደ ታች መውረጃ ያጣል፤ ተክሉም ምግቡን ከአፈር በላይ ያከማቸዋል፣ በቅጠሉ ብብት ያዩዋቸው አረንጓዴ ድንቾችም የዚሁ ውጤት ናቸው። ድንቹ የሚያያዝባቸው የምድር ውስጥ ሐረጎችም ስለሚቆረጡ፣ ከአንድ ተክል ሥር ጥቂት ትላልቅና ቅርጻቸው የተበላሸ ድንቾች ከብዙ ትናንሾች ጋር ተቀላቅለው ይወጣሉ።

ስለ ዝርያው ያነሱት ቅሬታ በብዙዎች ዘንድ ስላለ በግልጽ መናገር ተገቢ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ጉደኔም ሆነ በ2009 እ.ኤ.አ. የተከተለው በለጠ በምርታማነታቸውና ምችን በመቋቋማቸው የተመረጡ ናቸው። ምች ከላይ በአየር የሚመጣ በሽታ ነው፤ ምችን መቋቋም ማለት ግን ከአፈር የሚነሳን ፈንገስ መቋቋም ማለት አይደለም። ዘሩን ሲሰጥዎት «በሽታ ይቋቋማል» ያለዎት ባለሙያ የትኛውን በሽታ እንደሆነ አብሮ ቢነግርዎት ኖሮ ጥሩ ነበር።

መፍትሔው ከዘሩ ይጀምራል። በአገራችን የተለመደው አሠራር ትላልቁን ድንች ለገበያ፣ መካከለኛውን ለቤት ማዋልና ከሁሉም የተረፈውን ትንሹን ለዘር ማስቀመጥ ነው። ይህ ልማድ እጅግ የሚጎዳን ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከታመመ ተክል ሥር የሚገኘው ድንች ብዙውን ጊዜ ትንሽ ስለሆነ፣ ሳናስበው በየዓመቱ የምንመርጠው የታመመውን ይሆናል። ከዚህ ይልቅ ተክሉ በሚያብብበት ጊዜ በማሳዎ ውስጥ እየተዘዋወሩ ጠንካሮቹን፣ ግንዳቸው የበዛውንና ቅጠላቸው ያልተጠቀለለውን ተክሎች በችካል ምልክት ያድርጉባቸው፤ በመሰብሰቢያው ወቅት እነሱን ለብቻ ቆፍረው፣ ጥቁር የተለጠፈበት ድንች በብዛት የተገኘበትን ተክል ሙሉ በሙሉ ትተው፣ ከቀሩት የዶሮ እንቁላል የሚያህሉትን ለዘር ይያዙ። ዘር ከገበያ የሚገዙ ከሆነም ሻጩን ውሃ ጠይቀው ከጆንያው መካከልና ከታች የወጡ ጥቂት ድንቾችን አጥበው ሳያዩ አይግዙ፤ አፈር የለበሰ ድንች ምን እንደያዘ አይታወቅም። ዘር ለማብቃቃት ድንች ቆርጦ መትከልም መቅረት አለበት፤ የተቆረጠው ገጽ ለራይዞክቶኒያ ብቻ ሳይሆን ደረቅ ብስባሽ ለሚያስከትለው ፉዛሪየም ለሚባለው ፈንገስም በር ይከፍታል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ለዘር ብቻ የሚሆን ትንሽ ማሳ መለየት ነው። ስፋቱ ሊያስፈራዎት አይገባም። በመስመሮች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር አድርገው ሲተክሉ፣ የግማሽ ሄክታርዎ ሩብ የሆነው አንድ ስምንተኛ ሄክታር ወደ 5,500 የሚጠጋ ዘር ድንች ይፈልጋል። ከእያንዳንዱ ጤነኛ ተክል ለዘር የሚሆን ስድስት ድንች ቢገኝ፣ ከ200 ካሬ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ቦታ ይህን ያህል ዘር ይሸፍናል። በእርስዎ አካባቢ ደግሞ ለዚህ የተመቸ መሬት አለ። ዲከረንስ የሚባለው ለከሰል የሚተከል ዛፍ ያለበት መሬት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል እስኪከሰል ድረስ አራት አምስት ዓመት ድንች ሳያይ ይቆያል፤ ዛፉ ከተነሳ በኋላ አንድ ዓመት ጤፍ ወይም ገብስ ተዘርቶበት ሥሩና ግንጥሉ ሲበሰብስ፣ ከዚያች መሬት ጥቂቷን በራስዎ ወይም ከጎረቤት ጋር በመስማማት ለዘር ማሳነት ማዋል ይችላሉ።

ወደ መሬቱ እንለፍ። የፈንገሱ ጥቁር አካል አፈር ውስጥ ለበርካታ ዓመታት ይቆያል፣ ድንች ሲያጣ ግን ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል። ድንችን የሚያጠቃው የራይዞክቶኒያ ዓይነት ከድንች ጋር በጣም የተያያዘ ስለሆነ ገብስ፣ ስንዴና ጤፍ አያበረታቱትም። ግማሽ ሄክታርዎን በአራት ከፍለው ድንቹን በየዓመቱ በአንዱ ክፍል ብቻ ቢተክሉና በሌሎቹ ላይ እህል ቢያፈራርቁ፣ ድንቹ ወደ ነበረበት ቦታ የሚመለሰው ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ይሆናል። ይህ ለገቢዎ ከባድ ምክር መሆኑን እረዳለሁ። በአራት መክፈል የማይቻልዎት ከሆነ በሦስት ይክፈሉ፤ ከዚያ በታች ከወረዱ ግን ፈረቃው ስም ብቻ ይሆናል። ድንች የማይተክል ጎረቤት ካለዎት ማሳ ተለዋውጦ መዝራትም አንዱ መንገድ ነው። በእህሉ ማሳ ውስጥ ካለፈው ዓመት ቀርቶ የሚበቅለውን ወፍ ዘራሽ ድንች እየነቀሉ ካላስወገዱ ደግሞ ፈንገሱ በእሱ ላይ ኖሮ ይጠብቅዎታል፣ የፈረቃውም ጥቅም ይጠፋል። በአዊ አካባቢ አፈሩ አሲዳማ በመሆኑ ኖራ መጨመር ተለምዷል፤ ኖራውን በገብሱ ወይም በስንዴው ተራ ጊዜ ይጨምሩት፣ ድንች ሊተከል ሲል መጨመር ባክቴሪያ አመጣሹን የልጣጭ እከክ ሊያባብስ ይችላልና።

በአተካከልም ፈንገሱን መቅደም ይቻላል። ፈንገሱ ቀዝቃዛና እርጥብ አፈርን ይወዳል፤ በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ጉንቁሉ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ለጥቃት የሚጋለጥበት ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ ዘሩ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ጉንቁል አውጥቶ ሳለ ይተከል፤ ይህም ብርሃንና አየር በሚያስገባ የቆጥ ማከማቻ የተቀመጠ ዘር የሚያወጣው ዓይነት ነው፣ በጨለማ ጎተራ የተቀመጠው ግን ነጭና ቀጭን ሐረግ ይሆናል። ዘሩ ላይ ያለው አፈር በመጀመሪያ ሳሳ ያለ ይሁን፤ ቡቃያው በደንብ ከወጣ በኋላ አፈሩን ደረጃ በደረጃ ያስታቅፉት። ውሃ የሚቋጥር ማሳ ከሆነ ማጠንፈፊያ ቦዩን ሳይቆፍሩ አይትከሉ።

በመጨረሻም አሰባሰቡ አለ፤ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ይህን ነው። በብዙ የደጋ አካባቢዎች ድንቹ ከደረሰ በኋላ ዋጋ እስኪሻሻል ድረስ አፈር ውስጥ ማቆየት የተለመደ ነው። ማከማቻ ለሌለው ገበሬ ምክንያቱ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ጥቁሩ አካል በብዛት የሚሠራው ቅጠሉ ከሞተ በኋላ ድንቹ መሬት ውስጥ በቆየ ቁጥር ነው። ቢያንስ ለዘር የሚሆነውን ክፍል፣ ድንቹ ሲደርስ ቅጠሉን አጭደው ከ10 እስከ 15 ቀን ያህል ያቆዩና፣ ልጣጩ በአውራ ጣት ሲታሽ የማይላጥ ሲሆን ሳይዘገዩ ቆፍረው ያውጡት።

ጥያቄ፦ «በሻሸመኔ አካባቢ በመስኖ ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ እያፈራረቅሁ አመርታለሁ። ድንቹ ፍሬ ሲይዝ መጠውለግ ይጀምራል። አንዳንዱ ግማሽ ጎኑ ብቻ ቢጫ ሆኖ ሌላው ጎኑ ደህና ይሆናል። ሰብል እያፈራረቅሁ በሽታው ለምን አልጠፋም?»

መልስ፦ ሰብል አላፈራረቁም። ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ስለሆኑ ለብዙዎቹ የአፈር በሽታዎች አንድ ገበታ ናቸው።

የሚያጠወልጉት በሽታዎች ግን ከአንድ በላይ ስለሆኑ መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል። ቨርቲሲሊየም የሚባለው ፈንገስ በሥር በኩል ገብቶ ውሃ የሚመላለስባቸውን ቱቦዎች ይዘጋል፤ መጠውለጉ ቀስ ብሎ ከታችኞቹ ቅጠሎች ይጀምራል፣ እርስዎ እንዳሉትም ብዙውን ጊዜ በአንድ ጎን ይታያል፤ ግንዱ ከሥሩ ገደማ በስለት ሲቆረጥ ውስጡ ቡናማ ቀለም ይዞ ይገኛል። በባክቴሪያ የሚመጣው አጠውልግ ደግሞ ተክሉን ገና አረንጓዴ እንዳለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጥለዋል፤ የተቆፈረው ድንች ከዓይኑ ላይ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ስለሚወጣው አፈር ይለጠፍበታል።

ሁለቱን ለመለየት ንጹሕ ውሃ የተሞላ ብርጭቆ በቂ ነው። የጠወለገውን ግንድ ከአፈሩ ጥቂት ከፍ ብለው ይቁረጡና፣ የጣት ርዝመት የሚያህለውን ቁራጭ የተቆረጠው ጫፉ ውሃውን እንዲነካ አድርገው ሳያነቃንቁ ይያዙት። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ በሽታው የባክቴሪያ ነው። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ከቆየና ግንዱ ውስጥ ቡናማ ቀለም ካለ ፈንገስ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ባክቴሪያ ሆኖ ከተገኘ ምንም ዓይነት የፈንገስ መድኃኒት አይጠቅምዎትም፤ ከዚያ ማሳ አንድም ድንች ለዘር እንዳይውል፣ የመስኖው ውሃም ከዚያ ማሳ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ያድርጉ።

ቨርቲሲሊየም ሆኖ ከተገኘ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፈንገሱ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጥቁር አካላት አፈር ውስጥ ስለሚተው ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ፈረቃው ፈንገሱን ከመሬቱ ጨርሶ ያጠፋል ብሎ መጠበቅ አይገባም። የሚቻለው ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ከእሱ ጋር ማምረት ነው። ቲማቲሙን፣ ቃሪያውንና ድንቹን ለተወሰኑ ዓመታት ከዚያ ማሳ አውጥተው በቆሎ፣ ስንዴ ወይም ገብስ ይዝሩበት። አውጥ የሚባለው አረም ከድንች ጋር አንድ ቤተሰብ በመሆኑና ፈንገሱን ስለሚያስጠልል ከማሳውም ከቦዩ ዳርም ነቅለው ያጥፉት። የታመመውን ግንድ አርሰው መልሰው አፈር ውስጥ አይቅበሩት፤ ሰብስበው ከማሳው ያስወግዱት። ድንች ሲተክሉም ፍሬ ከመያዙ በፊት ውሃ አያብዙበት፤ ፍሬ ከያዘ በኋላ ግን ውሃም ናይትሮጅንም አይጉደልበት፤ የተጎሳቆለ ተክል በዚህ በሽታ ቶሎ ይሞታል። በአፈሩ ውስጥ ሥርን የሚያቆስሉ ኔማቶድ የሚባሉ ጥቃቅን ትሎች ካሉ ቨርቲሲሊየም ከብቻው ይልቅ እጅግ ስለሚከፋ፣ ባለሙያ የአፈርና የሥር ናሙና እንዲያይልዎት መጠየቅ ይገባዎታል።

ጥያቄ፦ «ከላይ ጋይንት ነው የምጽፈው። ለምች የምንረጨውን ሪዶሚል በውሃ በጥብጬ የድንቹ ሥር ላይ አፈሰስሁ። ጥቁሩ እከክ ግን አልቀነሰም። መጠኑን ልጨምር?»

መልስ፦ አይጨምሩ። በዚያ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሜታላክሲል የተሠራው ለምችና ለዘመዶቹ ነው፤ በራይዞክቶኒያ ላይ አይሠራም። ሥሩ ላይ ማፍሰስ ገንዘብዎን ያባክናል፣ የምቹም ተውሳክ መድኃኒቱን እንዲለማመድ ዕድል ይሰጠዋል።

ለራይዞክቶኒያ የሚሠሩ ንጥረ ነገሮች ሌሎች ናቸው፤ ፍሉዲዮክሶኒል፣ ፔንሲኩሮንና ፍሉቶላኒል ከመትከል በፊት ዘሩን ለመቀባት ይውላሉ፣ አዞክሲስትሮቢን ደግሞ በመትከያው መስመር ውስጥ ይረጫል። ከመግዛትዎ በፊት መድኃኒቱ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ለድንች የተመዘገበ መሆኑን በወረዳዎ ባለሙያ በኩል ያረጋግጡ፤ መጠኑንም ከመለያው ላይ ያንብቡ። በመድኃኒት የተቀባ ዘር ቢተርፍ ለምግብም ለከብትም አይሆንም፤ ሲቀቡ ጓንት ያድርጉ፣ ልጆችንም ያርቁ። ዘሩ ላይ ያለውን ፈንገስ በዚህ መንገድ መቀነስ ይቻላል፣ ጥቁር የሞላበትን ድንች ግን ጤነኛ ዘር አያደርገውም። ትሪኮደርማ የሚባለው ጠቃሚ ፈንገስም ራይዞክቶኒያን እየተመገበ ይቀንሰዋል፤ በደንብ በበሰለ ኮምፖስት የዳበረ አፈር ደግሞ እንዲህ ያሉ ጠቃሚ ፍጥረታትን ይመግባል። ያልበሰለ ፍግ ድንች ሊተከል ሲል መበተን ግን ለበሽታው ይመቻል።

ጥያቄ፦ «ጎመን ዘር መሬትን ከበሽታ ያጸዳል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ወልመራ ውስጥ ድንችና ገብስ አመርታለሁ።»

መልስ፦ መሠረት ያለው ነገር ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ተወላጅ የሆነው ጎመን ዘር በግንዱ፣ በቅጠሉና በፍሬው ውስጥ ሲኒግሪን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ይይዛል። ተክሉ ሲደቅና እርጥበት ሲያገኝ ይህ ንጥረ ነገር ተለውጦ የሚሰነፍጠውን ጋዝ ይሰጣል፤ ሰናፍጭ ስንፈጭ ዓይናችንን የሚያስለቅሰው ያው ነው። ጋዙ አፈር ውስጥ ሲታፈን ፈንገሶችንና ኔማቶዶችን ይጎዳል፤ በዚህም ምክንያት የእኛው ጎመን ዘር በጣልያንና በሌሎች አገሮች ለዚሁ አገልግሎት ተጠንቷል።

ውጤቱ የሚገኘው ግን ዘሩን ለዘይት ካጨዱ በኋላ ደረቁን አገዳ በማረስ አይደለም። ጎመን ዘሩን ጠቅጠቅ አድርገው ይዝሩት፤ በሚያብብበት ጊዜ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ አጭደው በደንብ ይቀጥቅጡትና በዚያው ሰዓት አርሰው ይቅበሩት፤ ጋዙ በፍጥነት ስለሚተን አጭዶ ለነገ ማሳደር ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል። ከዚያ ላዩን ደምድመው፣ ድንቹን ለመትከል ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይጠብቁ፤ ያለዚያ ጋዙ ጉንቁሉን ሊጎዳው ይችላል። ለዘይት የሚሆነውን ምርት እንደሚያጡ አስቀድመው ያስቡበት። ስለዚህ መሬቱን ሁሉ ከመሸፈን ይልቅ በዘር ድንች ማሳዎ ቢጀምሩ ይሻላል እላለሁ፤ እሱንም ከፈረቃው ጋር እንጂ በፈረቃው ምትክ አያድርጉት።

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ከገበያ የገዛሁት ድንች ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ለልጆቼ ብቀቅለው ይጎዳቸዋል?»

መልስ፦ ነጠብጣቡ ከልጣጩ ላይ ብቻ ተለጥፎ በጥፍር የሚነሳ ከሆነ የራይዞክቶኒያ ነው፤ ሰውን አይጎዳም፣ ልጠው መቀቀል ይችላሉ። ድንቹ ተጨማዶ፣ ሲቆረጥ ውስጡ ደርቆና ቡናማ ሆኖ፣ ባዶ ቦታው ውስጥ ነጭ ወይም ሮዝ ሻጋታ ካለበት ግን የፉዛሪየም ደረቅ ብስባሽ ነው፤ አንዳንዱ ፉዛሪየም መርዝ ስለሚሠራ የተበላሸውን ክፍል ቆርጦ ቀሪውን ለማትረፍ ከመሞከር ድንቹን በሙሉ ቢጥሉት ይሻላል፣ ለከብትም አይስጡት። በጓሮዎ ድንች ወይም ቲማቲም የሚተክሉ ከሆነም የታመመውን ድንችና ልጣጩን እዚያ አፈር ላይ አይድፉ።